ወደ ግራ ያዘነበለ መቋሚያ

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ አንዱ የአቋቋም ዐዋቂነታቸው ነው፣ ሌላው «መልስ!» የምትለው ቃላቸው ናት። ተማሪ እግሩን ቀድሞ ካነሣ ወይም መቋሚያውን ያለ ስንኙ ካዘነበለ፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ «መልስ!» ይላሉ፤ ልጁም ከስንኙ ራስ ይጀምራል። በእሳቸው ጉባኤ ውሎ ሳያለቅስ የተመረቀ የለም ይባላል። ዛሬ እነዚያ አልቃሾች ከሑመራ እስከ ጅማ በየደብሩ መሪጌታ ተብለው ተቀምጠዋል፤ በተራቸውም ሌላውን ያስለቅሳሉ።

እንግዲህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ዐውደ ምሕረቱን ሞልቶት ሳለ የተሳሳቱት እኒሁ ሰው ናቸው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ነው።

ታቦቱ ወጥቶ ቆሟል። ሊቃውንቱ ፊታቸውን ወደ ታቦቱ አድርገው ቀኝና ግራ በሁለት ጎራ ተሰልፈዋል፤ ከቀኙ ፊት መሪጌታ፣ ከግራው ፊት ግራ ጌታ ደምሌ። ዜማው ቀስ ብሎ እየተሳበ መቋሚያው በስንኙ ልክ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የኋላው ሁሉ የፊተኛውን አይቶ ይከተላል። በዚህ መካከል መሪጌታ ቀና ቢሉ ከጉና በኩል አንዲት ጥቁር ደመና አዩ። ገብሳቸው ታጭዶ ገና አልተከመረም ነበር። መሪጌታ ቢሆኑም ገበሬ ናቸው፤ በኅዳር ደመና አይቶ ልቡ የማይደነግጥ ገበሬ ደግሞ የለም። «ምነው ትናንት በከመርሁት» ብለው አስበው ሳይጨርሱ እጃቸው መቋሚያውን ወደ ግራ ይዞት ሄደ። ስንኙ ግን የቀኝ ነበር።

ወዲያው ታወቃቸው። ከኀፍረታቸው የተነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን ቀጠሉ፤ ሲገልጡት ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነበር። ደመናዋም አንዲት ጠብታ ሳትጥል አልፋ ሄዳለች። እንዲህ ያለች ደመና!

ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ አጡ ማለት ይቻላል። ሕዝቡስ ግድ የለም፣ ሕዝብ ከበሮውን እንጂ መቋሚያውን አያይም። ያሳሰባቸው ግራ ጌታ ደምሌ ናቸው። ሁለቱ በልጅነታቸው እስቴ ውስጥ አብረው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ አንድ ደበሎ ለሁለት ለብሰው፣ አንድ ቁራሽ ለሁለት ተካፍለው ያደጉ፣ «አንተ» «አንተ» የሚባባሉ ባልንጀሮች። ከአምስት ዓመት በፊት ግን በአንድ ጥምቀት፣ በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ደምሌ መሪጌታን «መልስ!» አሏቸው። መሪጌታ አንዲት ቃል ዘለው ነበርና ደምሌ ልክ ነበሩ፤ ነገሩን ያባሰውም ይኸው ልክነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ «አንተ» ቀርቶ «እርስዎ» ሆነ። ለሩቅ ሰው አክብሮት ይመስላል፣ ለሁለቱ ግን በመካከላቸው እንደ ቆመ አጥር ነው።

«ደምሌ አይቷል» ይሉ ነበር መሪጌታ በልባቸው። «ደምሌ ያላየው ስሕተት የለም። ዝም ያለው ፊልሙ እስኪወጣ ነው።»

ፊልም መኖሩ ነዋ መከራው። ውባለም የምትባል ከመናኸሪያው ጎን ቪዲዮ ቤት የከፈተች ልጅ ከታቦቱ አጠገብ ቆማ በዓሉን ከዳር እስከ ዳር ቀርጻዋለች። ሠርግ ስትቀርጽ የኖረች፣ ባሕር ዳር ሄዳ ሙያውን የተማረች ቀልጣፋ ልጅ ናት። ኤፍሬም የሚባለው የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ከጅማ ደውሎ «በዩቲዩብ ጫኝልን፤ የኔታን ካየናቸው ስንት ዘመናችን!» ብሎ ለምኗታል። ልትጭነው ነው። ከሑመራ እስከ ጅማ ያሉት ተማሪዎቻቸው ሁሉ «መልስ!» ባይ መምህራቸው በመቋሚያ ሲሳሳቱ ሊያዩ ነው።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ቪዲዮ ቤቱ ወረዱ።

«ልጄ፣ ሰው ሳያየው አንድ ጊዜ እኔ ልየው» አሉ፣ ነገሩ ተራ ነገር እንዲመስል ወደ ውጭ እያዩ።

ውባለም በደስታ ፋይሉን በሚሞሪ ገልብጣ ሰጠቻቸው። ቤታቸው ገብተው ስልካቸው ላይ ቢከፍቱት ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ሲነካኩት «ይህን ፋይል መክፈት አይቻልም» አለ። በማግሥቱ ሚሞሪውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘው መጡ።

«የሰጠሽኝ የተበላሸ ሚሞሪ ነው።»

«ሚሞሪውስ ደኅና ነው፣ የኔታ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ካሜራው የቀረጸውን እንዳለ ሰጠሁዎት።» ወንበር ሳበችላቸው። «ይኸውልዎ፣ ፋይል ሲባል ውጭ አለው፣ ውስጥ አለው። ኤምፒ ፎር፣ ኤቪአይ፣ ስሪ ጂፒ የሚባለው ውጭው ነው፤ ሥዕሉንና ድምፁን አንድ ላይ ይዞ ያስቀምጣል። ውስጡ ደግሞ ሥዕሉ የተጨመቀበት መንገድ ነው፣ ኮዴክ ይሉታል። ውጭውን ከፍቶ ውስጡን ማንበብ ያቃተው ስልክ እንዲህ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።»

መሪጌታ ጺማቸውን ይዘው ቆዩ። «እንግዲያ ማኅደር ነዋ!» አሉ። «የመጽሐፍን ማኅደር ማንም ይፈታዋል፤ ግዕዝ ካላወቀ ፈቶ ምን ይሆነዋል?»

«እንዲያው ነው» አለች እየሳቀች። «ስልክዎ ማኅደሩን ፈታ፣ ንባቡ ግን አቃተው። እርሱ በሚያውቀው ንባብ እለውጥልዎታለሁ። ለጊዜው እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ይዩት።»

ከፈተችላቸው። ትልቅ፣ ጥርት ያለ ሥዕል ነበር፤ የጥምጥማቸው እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ያቺ ስንኝ ስትደርስ እስትንፋሳቸውን ዋጥ አደረጉ። መቋሚያው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አዩ! «ተመስገን፣ ለካ አልተሳሳትሁም» ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ካሜራው ፊት ለፊታቸው ቆሞ እንደ ነበር ትዝ አላቸው። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ቀኝ የሆነው የእሳቸው ግራ ነው። ተመልሰው ተቀመጡ።

ደግመው አስከፈቱት፣ ሠለሱት። በየጊዜው የሚያዩት ያንኑ አንድ ሰው ነበር፤ ራሳቸውን። ፊልም ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የሠርግ ፊልም ሲታይ ሙሽራዋን ትቶ ራሱን የማይፈልግ ማን አለ? ከጎኑ የቆመውን እንኳ አያይም።

«እዚህ ጋ ቁረጪልኝ» ቢሏት ነገሩ አለቀ። ግን የት ላይ እንደሆነ ሲያሳይዋት ለምን እንደሆነ ታውቅ የለ! ምላሳቸው ላይ የደረሰውን ዋጡትና ሌላ ነገር ተናገሩ።

«ይህን ሙያ አስተምሪኝ።»

ውባለም የሰማችውን ማመን አቃታት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፣ የኔታ። እርስዎ ጠምጥመው ጨርሰዋል እኮ!»

«ለዚህኛው ገና አልጠመጠምሁም» አሉ መሪጌታ።

እንዲህ ሆነና ተማሪ ሆኑ። ጧት ለደቀ መዛሙርቱ የቃል ትምህርት ሰጥተው ሲያበቁ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ይወርዳሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹ «የኔታ፣ ወዴት ነው?» ሲሏቸው «ትምህርት ቤት» ይላሉ፤ እነዚያም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ቀልድ አለመሆኑን ስላወቁ፣ «እንግዲህ እንደ ድሮው ቆሎ ልቋጥርልዎት?» ብለው ይሸኟቸው ነበር።

እንደ ተማሪ ግን ክፉ አልነበሩም። ማውዙ እጃቸው ውስጥ እንደ እንቁራሪት እየዘለለ አስቸገራቸው እንጂ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ካሜራ በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል እንደሚያነሣ፣ ፊልም ማለት እነዚያ ሥዕሎች ዓይን ሳይዛቸው ሲያልፉ እንደሆነ ውባለም ነገረቻቸው።

«ሁሉንም ሙሉ ሙሉውን ቢያስቀምጥ ቦታ አይበቃውም» አለች። «ስለዚህ አንዱን ሥዕል ሙሉውን ይይዝና ከሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ካልተንቀሳቀሰ እንደገና አይደክምበትም።»

«ድጓ ጸሓፊም እንዲሁ ነው» አሉ መሪጌታ። «ብራና ውድ ነው። ተደጋጋሚውን መጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ያልፈዋል፤ የሚያውቅ ይሞላዋል።»

«የማያውቅስ?»

«የማያውቅማ እንደ እኔ ስልክ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።»

ሥዕሉና ድምፁ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች በሁለት መሥመር ተዘርግተው ሲያዩ ደስ አላቸው። መቁረጫው ምላጭ ተሥሎበት ነበር። መጀመሪያ በራሳቸው ሲቆርጡ ሥዕሉን ቆርጠው ድምፁን ረሱት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተዛነፈ። ከበሮ መቺው እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ከበሮው ይጮኻል፣ ቆዳው ላይ ሲያሳርፈው ዝም ይላል። መሪጌታ ጆሯቸውን ያዙ።

«በስመ አብ! ይህንን ጉድ ማን ይፈታዋል?»

ውባለም ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን ሁሉም እንደ ነበረው ሆነ። «የተሳሳቱትን ይመልሳል» አለቻቸው። ያችን ነገር ከተማሩት ሁሉ አብልጠው ወደዷት። ሲሳሳቱ ራሳቸው «መልስ!» እያሉ ይጫኗታል፤ ኮምፒውተሩም ሳያለቅስ ይመለሳል።

«ግን ዋናውን ፋይል እንዳይነኩት» አለች ውባለም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነው። ሁልጊዜ ቅጂው ላይ ይሥሩ።»

ዘዴውም ተገለጠላቸው። ያቺ ስንኝ በዜማው ውስጥ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ በመጀመሪያው ጊዜ መቋሚያው እንደሚገባው ወደ ቀኝ ሄዷል። ከዚያ ላይ ሥዕሉን ብቻ ቆርጦ በስሕተቱ ላይ መለጠፍ ነው፤ ድምፁ እንደሆነ አንድ ነው። ማን ያውቃል? እንዲህ ያለ ስፌቱ የማይታይ መጣፊያ እንኳን ካህን መልአክም አያገኘው ብለው ተጽናኑ።

ቅዳሜ ውባለም ገበያ መውጣት ነበረባት። «ቤቱን ይጠብቁልኝ፤ ስመለስ እንጭነዋለን፣ ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ነው» ብላ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። መሪጌታ ብቻቸውን ቀሩ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ያችን ቦታ ፈልገው አገኙ። መቁረጥ ያለበት በትክክለኛው ሥዕል ላይ ነው፣ አለዚያ ሰልፉ ሲዘል ይታያል። ቀስቷን ቁልፍ እየነኩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመሩ።

ለመገጣጠም ደግሞ ራሳቸውን ብቻ ማየት አይበቃም። የግራው ጎራ መቋሚያ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። እነሆ፣ ይህን ሁሉ ቀን ሲያዩት የከረሙትን ፊልም ከራሳቸው ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ያዩት ያን ጊዜ ነው።

በአንደኛው ሥዕል የደምሌ መቋሚያ ወደ ራሳቸው ቀኝ፣ ወደ ትክክለኛው መንገድ ጀምሯል። መሪጌታ ቁልፉን ነኩ። ትንሽ ሄዷል። ነኩ። ቆመ። ነኩ። መቋሚያው እዚያው ነው፣ የደምሌ ዓይን ግን ዞሯል፤ በጥምጥማቸው ሥር ወደ መሪጌታ እጅ ያያሉ። ነኩ። አሁንም ያያሉ። ነኩ። የደምሌ መቋሚያ ከጀመረው መንገድ ተመልሶ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። ከኋላቸው ያለው የግራ ጎራ ሁሉ እሳቸውን ተከትሎ አዘነበለ። ቀኙም ግራውም እንደ አንድ ሰው ባንድነት ተሳሳተ፤ ባንድነት ስለ ተሳሳተም ከሕዝቡ ወገን አንድም ሰው አላወቀም።

አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

መሪጌታ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። ዓይናቸውን በጨፈኑባት ቅጽበት ሁለቱ ጎራ እንደ ተጣሉ በሬዎች ለየብቻ የሄደ መስሏቸው ነበር የኖሩት። ደምሌ፣ በሕይወቱ አንዲት ስሕተት አሳልፎ የማያውቀው ደምሌ፣ እያወቀ ተሳስቶላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ያችን ቦታ ቆርጠው ሊጥሏት ነው እንዲህ መከራቸውን የሚያዩት። ስሕተታቸው ሲወጣ የደምሌም ዓይን አብሮ ይወጣል፣ መመለሱም አብሮ ይወጣል። ለሰው እንዳይታይ ሲሉ የባልንጀራቸውን ፍቅር በምላጭ ሊቆርጡት ነበር።

አለቀሱ። እሳቸው ዘንድ ሳያለቅስ የተመረቀ የለም አላልንም? ይኸው ተራው ደረሳቸው።

ውባለም ስትመለስ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው አገኘቻቸው። «ምን ቆረጡ፣ የኔታ?»

«ምንም። እንዳለ ጫኚው።» ከዚያ አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ «አንዲት ነገር ግን ቆርጬአለሁ። ለብቻዋ ናት፣ ትንሽ ናት። በስልኬ በሚነበበው ንባብ አድርጊልኝ» አሉ።

ያች ቁራጭ ያቺው ቅጽበት ነበረች፣ ቀስ ብላ እንድትሄድ ተደርጋ። ውባለም ስሪ ጂፒ አድርጋ ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው፤ ምን እንደሆነች አይታለች፣ ግን አልጠየቀችም። ትልቁ ፊልም ደግሞ መጫን ጀመረ። ትንሿን የኢንተርኔት መሣሪያ በኬብል ቀጥላ መስኮቱ ላይ ሰቀለቻት፤ እዚያ ነው ኔትወርክ የሚገኘው። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ከመጀመሪያ ጀመሩ። ደርሶ ሲከፍቱት ደግሞ በመስታወቱ መካከል አንዲት ክብ መሽከርከር ያዘች።

«ይህች ምን ትሠራለች?»

«እየመጣ ነው ማለቷ ነው። ሁሉም አንድ ጊዜ አይመጣም፤ የመጣው እየታየ የቀረው ከኋላ ይከተላል።»

«እንደ ሽማግሌ ጉዞ ነዋ» አሉ መሪጌታ፣ ክቧም ቆማ ዜማው ተሰማ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ደምሌ ቤት ወጡ። ሰንበት ስለሆነ አውድማው ላይ ሥራ የለም፤ ደምሌ የገብስ ክምራቸውን ጥግ ይዘው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከአምስት ዓመት ወዲህ መሪጌታ ያንን ግቢ ረግጠውት አያውቁም።

«እንደምን አደሩ፣ ግራ ጌታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?» ደምሌ ብድግ ብለው የተቀመጡበትን ድንጋይ ለቀቁላቸው።

መሪጌታ ስልካቸውን አውጥተው ያችን ቁራጭ ከፈቱ። ትንሿ መስታወት ውስጥ የሁለቱ መቋሚያ ቀስ ብሎ ሄደ። ደምሌ ዓይናቸውን አጥብበው አይተው አበቁ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሁላችንም ወደ ግራ ነው ያዘነበልን።»

«አንተ ወደ ቀኝ ጀምረህ ነበር» አሉ መሪጌታ። «አንተ» የምትለው ቃል ሳያስቡት ነበር የወጣችው።

ደምሌ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ማን አየኝ?»

«እኔ አየሁህ። ሥዕሉን አንድ በአንድ አሳልፌ አየሁህ። ጀመርህ፣ ቆምህ፣ አየኸኝ፣ ከዚያ ተመለስህ። እያወቅህ ነው?»

«እያወቅሁ ነው እንጂ! ያን ያህልስ አላረጀሁም።» ደምሌ ከክምሩ አንዲት ዘለላ መዘው በጣታቸው ፈተጓት። «ስማ፣ አንተ ገብረ ኢየሱስ። በዚያ ጥምቀት መልስ ስልህ ልክ ነበርሁ። ልክ ሆኜ ባልንጀራዬን አጣሁ። ዓመት ጠብቄ፣ ዓመት ጠብቄ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ እንቢ አለኝ፤ ልክ የነበረ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? በሚካኤል ቀን እጅህ ሲሄድ አየሁትና፣ ሁለተኛ እንዲያ ልክ መሆን አልፈለግሁም። ሚካኤል ይታረቀኝ፣ ንስሐም ገብቼበታለሁ።»

መሪጌታ የደምሌን ጉልበት ይዘው ተቀመጡ። ዱሮ አንዱን ደበሎ ለሁለት ሲለብሱ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያችን ቁራጭ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ተመላልሰው አዩአት፤ ሲያልቅም ጠላ መጣላቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ሳምንት አልፎ ሁለቱ ውባለም ቤት ተቀምጠው ሳለ ኤፍሬም ከጅማ ደወለ። ድምፁ ከደስታ ብዛት ቤቱን ሞላው።

«የኔታ፣ አየነዎት! ከሑመራም ከድሬዳዋም ደውለውልኛል፣ ሁሉም አይቶታል። እኔን ግን ያቺ ስንኝ ገረመችኝ። እኛን ወደ ቀኝ ነው ያስተማሩን ብዬ ነበር፤ ለካስ ወደ ግራ ኖሯል! የኔታ ብቻቸውን ቢሆኑ ስሕተት ነው እል ነበር፣ ግን ግራ ጌታም፣ ሰልፉም ሁሉ ወደ ግራ። እኔ ነኝ የረሳሁት ብዬ ከሰኞ ጀምሮ ተማሪዎቼን ወደ ግራ አዙሬአቸዋለሁ። ሁለቱማ እንቢ ቢሉኝ እስኪያለቅሱ መለስኋቸው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ደምሌ በሕዝብ ፊት የሸፈኗት ያች ስሕተት ሥርዓት ሆና ጅማ ገብታለች፤ ይኸው ልክ የነበሩ ሁለት ልጆችም አልቅሰውባታል።

«ኤፍሬም» አሉ መሪጌታ። «ተሳስቼ ነው።»

በዚያ ወገን ያለው ሰው ይህን ቃል ከእኒህ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። መሪጌታም ብለውት አያውቁም፤ ቢሉት ግን ሰማይ አልወደቀም።

«ወደ ቀኝ ነው። እነዚያን ሁለት ልጆች ጠርተህ ልክ ናችሁ በላቸው፤ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ይቅርታ ጠይቋችኋል በላቸው።»

ስልኩ ሲዘጋ ውባለም ቀስ ብላ፣ «ላጥፋው?» አለች።

«ብታጠፊው ይጠፋል?»

«ከዩቲዩቡ ይጠፋል። አውርደው ከስልክ ወደ ስልክ የተቀባበሉት ግን አይጠፋም።»

«እንግዲያ ሌላ ቅረጺ» አሉ መሪጌታ። «በዚያው በኩል ይሂድ። የመጀመሪያውን የያዘ ሁሉ ሁለተኛውን ይያዝ።» ከዚያ ወደ ደምሌ ዞሩ። «አንተም ትቆማለህ። በዚያ ጥምቀት ያልኸኝን ቃል ትለኛለህ።»

ደምሌ ደነገጡ። «ሁለተኛ አይለምደኝም! በሕዝብ ፊት?»

«በሕዝብ ፊት ነው እንጂ። አሁን ሕዝቡ እስከ ጅማ ነው።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ ያኔ በቆሙበት ቦታ ቆሙ፤ መሪጌታ ከቀኝ፣ ደምሌ ከግራ። ውባለም ካሜራዋን ተከለች። መሪጌታ ስትጭን ምንም እንዳትቆርጥ አስጠነቀቋትና ፊታቸውን ወደ ካሜራው መለሱ።

«ተማሪዎቼ፣ በኅዳር ሚካኤል እዚህች ስንኝ ላይ ተሳስቻለሁ። ግራ ጌታ ደምሌ ለእኔ ብለው አብረውኝ ተሳሳቱ። አሁን እዩ።»

ዜማውን ጀመሩ። ሁለቱ መቋሚያዎች እኩል ተነሡ፣ እኩል አዘነበሉ። ያቺ ስንኝ ስትደርስ መሪጌታ መቋሚያቸውን እንደዚያን ቀን ወደ ግራ ላኩትና ጠበቁ። ደምሌ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቷል።

«በል እንጂ» አሉ መሪጌታ በለሆሳስ።

«መልስ!» አሉ ደምሌ።

መሪጌታም እንደ ማንኛውም ተማሪ ከስንኙ ራስ ጀመሩ።